ሬሳ ካልሆነ የማትጭነው ብስክሌት

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ በበጋ ደርቆ በሚንኮሻኮሽበት ቆላ፣ እንስሳቱ አንድ እድር ነበራቸው። ካቻምና ቃጠሎ ተነስቶ መሮጥ ያቃታቸው ሽማግሌዎች በየጎሬያቸው ስለቀሩ፣ እድርተኛው መክሮ ከኋላዋ ጋሪ የምትጎትት ብስክሌት ገዛ። በክፉ ቀን ደካማና በሽተኛ ማውጫ ትሁን ተባለ። ነጂዋ አህያ ሆነች፤ መቼስ ሥራ ሲታደል አህያን የሚዘነጋ የለም። ቁልፉን ግን የያዘው የእድሩ ዳኛ አያ ጅቦ ነው። ዳኛ ያደረጉት ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ከድምፁ በታች ምን እንዳለ የመረመረ አልነበረም። እሱም ብስክሌቷን ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር እቃ ቤት ቆለፈባት።

በየካቲት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሣሩ ተያያዘ። የቻለ ሁሉ ወደ ኮረብታው ሮጠ። የአህያ ጎረቤት ጥንቸል ግን ምጥ ይዟት ከጉድጓዷ ደጃፍ ተዘርራለች፤ አንድ እርምጃ አትራመድም። አህያ ትታት ልትሄድ ሁለቴ ዞረች፣ ሁለቴም ተመለሰች። ከዚያ ወደ እቃ ቤቱ ጋለበች።

አያ ጅቦ ድስቱን ጥሎ መሸሽ አልሆንልህ ብሎት፣ ከጸሐፊዋ ከቀበሮ ጋር ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«አያ ጅቦ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ጥንቸል ምጥ ላይ ናት፤ እሳቱም እየመጣ ነው።»

«ሞታለች?»

«ኧረ በሕይወት አለች።»

«እንግዲያ ምን አገባን? እድር የሚያነሳው የሞተን ነው። የእድር እቃ በቁሙ ላለ ወጥቶ አያውቅም። ስትሞት ተመለሺ፤ ያኔ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

«ለዚያማ መች ይቀራሉ» አለች አህያ በሆዷ።

ሄዳ የተባለውን ብትነግራት፣ ጥንቸል በምጧ መሃል ሳቀች። «ታዲያ እሞትላቸዋለሁ። ሂጂና መርዶዬን ንገሪያቸው።»

አህያ «ጥንቸል አረፈች» ብላ ስትመለስ እቃ ቤቱ በምን ፍጥነት እንደተከፈተ አይነገርም። ጥሩምባው ተነፋ፣ ሰሌኑ ወረደ፣ ብስክሌቷ ወጣች። አያ ጅቦ ለቅሶውን አቀለጠው፤ ምራቁ ግን ከእንባው ይቀድም ነበር። ከጉድጓዷ ደጃፍ ደርሰው ጥንቸልን በሰሌን ጠቅልለው ጋሪው ላይ ሲያኖሯት፣ ቀበሮ ወደ አህያ ጠጋ አለችና «የሬሳዋ ጆሮ ተንቀሳቀሰ» ብላ አንሾካሾከች።

«ነፋስ ነው፣ እመት ቀበሮ።»

«ነፋስ ከሆነማ እኔም ልጫን። ነፋስ አይስማማኝም።»

ተጫነች። አያ ጅቦም «ሬሳ ያለ ዳኛ አይሄድም» ብሎ ተጫነ። አህያ መርገጫውን ብትረግጥ፣ ብትረግጥ፣ ብስክሌቷ ዳገቱ ሥር ደርሳ ቀጥ አለች። ወላፈኑ የአህያን ጭራ መለብለብ ጀመረ።

«አያ ጅቦ፣ ወርደው ቢገፉ ምናለ? ሬሳዋ ልትቆይብን ነው።»

«ትቆይ። ሲቆይ ነው የሚጣፍጥ... የሚከብር ማለቴ ነው።»

«እሳቱ ከደረሰባት እኮ የሚተርፍዎ አመድ ነው።»

አያ ጅቦ ዘሎ ወረደ። አህያ ከፊት እየረገጠች፣ እሱ ትከሻውን ሰጥቶ ከኋላ እየገፋ፣ ያን ዳገት ተያያዙት። መሃል ላይ ሰሌኑ ውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ።

«ምንድነው እሱ?» አለ አያ ጅቦ።

«ጋሪው ነው» አለች ቀበሮ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ። «ዘይት ካየ ቆይቷል። ይግፉ።»

ኮረብታው ላይ የሸሸው አገር ሁሉ ቆሞ ነበር። አያ ጅቦ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ሰሌኑን ገለጠ። ጥንቸል ቁጭ ብላለች፤ እቅፏ ውስጥ ዓይናቸውን ያልገለጡ አራት ልጆች ይርመሰመሳሉ።

«አልሞትሽም እንዴ?»

«ተሻለኝ» አለች።

«ደንብ አፈረስሽ። በቁምሽ ተጭነሻል። ሬሳዬን...» ዙሪያውን ቢያይ ዓይኑ ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ ከፊት የቆመው የጎሽ ቀንድም እንደዚያው። «ሬሳችንን ማለቴ ነው፣ ማን ይተካል?»

«አይዘኑ አያ ጅቦ» አለች ጥንቸል። «የሞትኩ ቀን እርስዎን ሳላስቸግር ነው የምሞተው።»

አያ ጅቦም ጋሪ የላጠውን ትከሻውን እየላሰ ጥግ ያዘ፤ በዚያ ቀን የቀመሰው ሥጋ ይኸው ብቻ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ በቁም ያለን ለማንሳት ደንብ የሚያገላብጥ፣ ሬሳ ለመሸከም ግን የሚሽቀዳደም ጎረቤት፣ ሐዘኑ ያለው ልቡ ውስጥ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ መሆኑን ነው።