እትዬ ስንዱና ድምፅ አልባዋ መኪና

«እህ» እያላችሁ ስሙኝ፤ አንዱን ካንዱ እያያዝኩ ልንገራችሁ።

እትዬ ስንዱ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሴት ነበሩ። በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ እያነሱ ሰውን ከሰው ያገናኛሉ። ደጃቸው ላይ ያለውን መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በበትራቸውና በጆሯቸው ብቻ ተሻግረዋል። የሚኒባሱን በር ኳኳታ፣ የጭነት መኪናውን ማጓራት ከሩቅ ይለያሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጆሯቸውን አቀኑ፤ ምንም የለም። አንድ እርምጃ ሲገቡ ነፋስ የመሰለ ነገር ቀሚሳቸውን ገፍቶ አለፈ። በትራቸው ከእጃቸው ተፈናጥሮ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የጎረቤታቸው የአምሳሉ አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረች።

እትዬ ስንዱ አልተጎዱም። ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር ሲቆሙ ግራ ይገባቸው ጀመር። ጸጥ ያለው መንገዱ ባዶ ሆኖ ነው ወይስ መኪናዋ እየመጣች ነው? መለየት አቃታቸው። ሰው እጃቸውን ይዞ እስኪያሻግራቸው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ይህም አንገበገባቸው። የፈለጉት አንዲት ነገር ነው፤ መኪናዋ ስትመጣ ድምፅ ታሰማ።

ወደ አምሳሉ ሄዱ። አምሳሉ አዲስ በትር ገዝቶ፣ አፍሮ ነበር የጠበቃቸው። መኪናዋ ስትገዛ ቀስ ብላ ስትሄድ እንደ ንብ እም የምትልበት ድምፅ ማውጫ ነበራት፤ ግቢውን ረበሸ ተብሎ ሽቦውን የነቀለው ራሱ ነው። ልመልሰው ቢል ደግሞ አከራዩ አቶ ዘርይሁን ግቢውን ልቀቅ ይሉታል።

ወደ አቶ ዘርይሁን ሄዱ። «አከራዩ እሺ አይል፣ አምሳሉ ሽቦ አይመልስ፣ መኪናዋ ድምፅ አታሰማ፤ እኔስ እንዴት ልሻገር?» አሏቸው። አቶ ዘርይሁን እሳቸውን ድምፁ እንዳልረበሻቸው ነገሯቸው። እዚያው ግቢ የተከራየችው አራስ ትርንጎ ናት፣ ድምፁ በነበረ ጊዜ ልጄ አልተኛ አለ ብላ በየቀኑ በራቸውን ታንኳኳ የነበረችው፤ እሷ ዝም ካላለች እሺ ማለት አይችሉም።

ወደ ትርንጎ ሄዱ። «አራስዋ ዝም አትል፣ አከራዩ እሺ አይል፣ አምሳሉ ሽቦ አይመልስ፣ መኪናዋ ድምፅ አታሰማ፤ እኔስ እንዴት ልሻገር?» አሏት። ትርንጎ እንቅልፍ ካጣች አርባ ቀን ሆኗት ነበርና ጥያቄው እስኪገባት ሁለቴ አስደገመቻቸው። ለካ ልጇን ይቀሰቅስ የነበረው መኪናዋ አይደለችም። መኪናዋ እም ባለች ቁጥር የግቢው ውሻ ያላዝን ነበር፤ ሕፃኑን ያባንን የነበረው እሱ ነው።

የውሻው ጌታ ዘበኛው ጋሽ ቱፋ ናቸው። «ውሻው ማላዘን አይተው፣ አራስዋ ዝም አትል፣ አከራዩ እሺ አይል፣ አምሳሉ ሽቦ አይመልስ፣ መኪናዋ ድምፅ አታሰማ፤ እኔስ እንዴት ልሻገር?» አሏቸው። ጋሽ ቱፋም ራሳቸውን አከኩ። ውሻው መኪናዋ አፍንጫ ሥር፣ ከበሩ አጠገብ ታስሮ ነው ያላዝን የነበረው። ጓሮ ቢሆን አይሰማትም ነበር፤ ግን የጓሮው አጥር ወድቋል፣ ገመዱን ከበጠሰ ሾልኮ ይጠፋባቸዋል። አናጢው መርዕድ ከተጠራ ወር አልፎታል፤ እመጣለሁ ይላል፣ አይመጣም።

እትዬ ስንዱ የመርዕድን ሥራ ቤት በመጋዙ ድምፅ አገኙት። እስኪደርሱ ድረስ ማን ማንን እንደሚጠብቅ እየተምታታባቸው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። «አናጢው አጥር አይሠራ፣ ዘበኛው ውሻ አያዛውር፣ ውሻው ማላዘን አይተው፣ አራስዋ ዝም አትል፣ አከራዩ እሺ አይል፣ አምሳሉ ሽቦ አይመልስ፣ መኪናዋ ድምፅ አታሰማ፤ እኔስ እንዴት ልሻገር?»

መርዕድ መጋዙን አስቀመጠ። ባለፈው ወር አጥሩን ሊለካ ሄዶ፣ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኋላ መጥታ እግሩን ዳጠችው፤ እስከ አሁን ያነክሳል።

«እትዬ፣ ዓይን እያለኝ እንኳ አላየኋትም» አለ። «ድምፅ ካላሰማች እዚያ ግቢ አልገባም።»

እትዬ ስንዱ ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን እንደገና ቆጠሩ። መኪናዋ አምሳሉን ትጠብቃለች፣ አምሳሉ አከራዩን፣ አከራዩ አራስዋን፣ አራስዋ ውሻውን፣ ውሻው ዘበኛውን፣ ዘበኛው አናጢውን፣ አናጢው ደግሞ መኪናዋን። ዞረው ዞረው የተነሡበት ላይ ወደቁ። ማንን ይቆጡ? ሁሉም ደህና ሰው ነው። እንባቸው መጣ፤ ዋጡት። ከዚያም ቀና ብለው፣

«መርዕድ፣ መኪናዋ ብትቆምና ቁልፏ እኔ እጅ ውስጥ ቢሆንስ?» አሉ።

መርዕድ አሰበ። «እርስዎ ከያዙትማ እገባለሁ» አለ።

አምሳሉ የቅዳሜ ሥራውን ትቶ ቁልፉን ሰጣቸው። እትዬ ስንዱ ግቢው መሐል ወንበር አስወጥተው፣ ቁልፉን በመዳፋቸው ጨብጠው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተነሡም። መርዕድም በየጥቂቱ «እትዬ፣ አለ?» ይላል፤ እሳቸውም «አለ» ይሉታል።

ያን ጊዜ አናጢው አጥር ሠራ፣ ዘበኛው ውሻውን ጓሮ አዛወረ፣ አምሳሉም ለሙከራ ሽቦውን ቀጥሎ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ቀስ ብሎ አዞራት። እም አለች። ሁሉም ወደ ጓሮ ጆሮውን ጣለ። ውሻው አላላዘነም፣ ሕፃኑ አልነቃም፣ አራስዋ ዝም አለች፣ አከራዩ እሺ አሉ፣ ሽቦውም እንደተቀጠለ ቀረ። ትርንጎማ ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ስንዱ መንገዱ ዳር ቆሙ። አንድ መንገደኛ ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ ላሻግርዎት ወይ አላቸው። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ ግራ አዘንብለው ነበር። እም የሚለው ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ አጠገባቸው ደርሶ አለፈ፣ ራቀ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ አልፋለች» አሉና ክንዳቸውን ቀስ ብለው አስለቅቀው ብቻቸውን ተሻገሩ።

የእኔም ወሬ ከእሳቸው ጋር ማዶ ደረሰ፤ እናንተም ሰምታችሁ እለፉ።