የማይሄዱት ተሳፋሪዎች

አንዲት ሴት አባቷ ሞተባትና ጠዋት በሦስት ሰዓት መናኸሪያ ደረሰች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የትውልድ ቀበሌዋ ከገደሉ ማዶ ነው፤ ቱሪስት በላንድክሩዘር መጥቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ «ውብ ነው!» ብሎ የሚመለስበት። ለአገሬው ግን መድረሱ ራሱ ጭንቅ ነው።

በምን ትሂድ? ባለበቅሎው፣ «እትዬ፣ ወገብሽን ያምሽ ይሆናል እንጂ በአቋራጭ ስምንት ሰዓት ላይ አደርስሻለሁ» አላት። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙም ሞተሩን አስነስቷል፤ ሰው ጭነቱ ላይ እየወጣ ነው።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» ብሎ ጮኸ የሚኒባሱ ረዳት።

አየችው። እውነትም ግጥም ብሏል። ዘንቢል የታቀፈ አለ። «ንዳው እንጂ ሹፌር፣ ረፈደብን!» እያለ የሚነጫነጭ አለ። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ «ነይ እህቴ፣ አሁን መነሳቱ ነው» አለቻት። «ተባረኪ፣ የአባቴ ቀብር እንዳያልፈኝ ነው» ብላ ገባች። አይሱዙው ሄደ። ባለበቅሎውም ሌላ ሰው ይዞ ወረደ።

ከዚያስ? ባለዘንቢሉ «መጣሁ» ብሎ ወረደ። ረፈደብን ባዩም ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት ሰው! ወርደው አጠገቡ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ቁጭ! ለካ መኪናው የሞላ እንዲመስል የሚቀመጡ ናቸው። በመጨረሻ ያቺ ሴትዮ ስትነሳ ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘቻት።

«አንቺም? ቀብር አለብኝ ብዬሽ አልነበር?»

«ነፍስ ይማር፣ እህቴ። የኔ ሥራ እኮ መቀመጥ ነው።»

ሐዘንተኛዋ መኪናው በእውነት ሞልቶ እስኪነሳ ጠብቃ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል። ለቀስተኛው ንፍሮውን በልቶ እየተበተነ ነበር። አባቷን ሳትሰናበት ቀረች።

ተናደዳችሁ አይደል? ሴትዮዋን ብታገኟት አትለቋትም፣ አይደል?

እናንተስ? እሁድ እሁድ ነጭ ለብሳችሁ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ትቀመጣላችሁ። «አሜን» ሲባል ጣሪያው እስኪነሳ የምትጮኹት እናንተ ናችሁ። በሩ ላይ ያመነታ ሰው እናንተን አይቶ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው የሚሄድ ከሆነማ» ብሎ ይገባል። ሰኞ ሲመጣ፣ «የተጣላችሁትን ታረቁ» ስትባሉ፣ «መጣሁ» ብላችሁ ትወርዳላችሁ። «የታመመ ጠይቁ» ስትባሉ ትወርዳላችሁ። ሰውየው ባዶ ወንበር መሀል ብቻውን ይቀራል!

መሄድ ካልፈለጋችሁ ማን ያስገድዳችኋል? ውረዱ! በግልጽ፣ ሰው እያያችሁ ውረዱ። ግን እባካችሁ፣ የማትሄዱ ከሆነ ጠጋ ብላችሁ «ነይ እህቴ» አትበሉ። እሷ አምናችሁ ነው የምትገባው።