አህያ ያስነሳችው ባክሆ ሎደር

አንድ ጊዜ ጅብና ቀበሮ ከአንድ አሮጌ ባክሆ ሎደር ጎን ቆመው ይጨቃጨቁ ነበር።

«አንተ ነህ የገደልከው» አለ ቀበሮ። «እኔ ሳመጣው ይሠራ ነበር።»

«ይሠራ ነበር? ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ገደሉ ይጎትተኛል እኮ። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለ» አለ ሾፌሩ ጅብ።

«እንግዲያው ሞቷል። ፈታትቼ ብረቱን እሸጠዋለሁ።»

ያገለገለውን መኪና እንስሳቱ የገዙት በቀበሮ ደላላነት ነበር። ከፊቱ ሰፊ አካፋ፣ ከኋላው ረጅም የመቆፈሪያ ክንድ አለው። ያስፈለጋቸውም ቁልቁለቱ ሥር ያለችውን ምንጭ ናዳ ስለደፈናት ነው። ምንጯ ከተደፈነች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚመጣው ግማሽ ቀን ከሚያስኬደው ወንዝ፣ በአህያ ጀርባ ነው። ጀርባዋ ቆስሏል፤ የምታመጣውም ለሁሉም አይበቃም። ትናንት አንዲት የሚዳቋ ግልገል በጥም መቆም አቅቷት ነበር።

አንበሳ ጭቅጭቁን ሲሰማ ቆይቶ «በቃ፣ ይሸጥ» ሊል ሲል አህያ ቀረብ አለች።

«ጌታዬ፣ ከመሸጡ በፊት እኔ ልየው?»

ቀበሮ ሳቀ። «እመት አህያ፣ ይሄ እኮ ጭነት አይደለም።»

«ልየው ነው ያልኩት፤ ልሸከመው አላልኩም።»

አንበሳ እስከ ማታ ጊዜ ሰጣት።

«አያ ጅቦ፣ እስቲ ቁልፉን አዙረው» አለችና ረጃጅም ጆሮዎቿን ወደ ሞተሩ መለሰች። መብራቱ ፈዘዘ። ከውስጥ አንድ ጊዜ «ጠቅ» አለ፣ ከዚያ ዝም።

«ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተቃጥሏል፣ ባትሪውም አልቋል» አለ ቀበሮ ወዲያው። «ሁለቱም ከከተማ እስኪመጡ አንድ ወር ይፈጃል።»

አህያ ጎንበስ አለች። የባትሪውን ክዳን አነሳች። የገመዶቹ ጫፍ ዱቄት የመሰለ ነጭ ዝገት ለብሷል።

«እዚህ ላይ እንዳይዝግ ግራሶ ይቀባ ነበር። የት ሄደ?»

ጅብ ከንፈሩን እየላሰ ሰማይ ሰማዩን አየ። «ስብ መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ነው የቀመስኩት። በየቀኑ ትንሽ።»

አህያ ዝገቱን ፍቃ ገመዶቹን አጠበቀች። ቁልፉ እንደገና ሲዞር አሁንም ያው «ጠቅ» ብቻ ሆነ። ቀበሮ ለመፈታታት መፍቻዎቹን ማውጣት ጀመረ። አህያ ግን ጥቁሩን ገመድ ከባትሪው ጀምራ በአፍንጫዋ እየተከተለች መኪናው ሥር ገባች። ገመዱ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበት ቡሎን ላልቶ፣ ሥሩ በጭቃና በዝገት ተሞልቷል። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቶ ነበር። ጠርጋ፣ አጥብቃ አሰረችው።

ጅብ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አጓራ። አንበሳ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ፍሬኑስ?» አለ ቀበሮ። «ቁልቁለቱ ላይ ገደል ነው የሚከታችሁ።»

አህያ የፍሬን ዘይቱን አየች፤ ሙሉ ነው። ጎማዎቹን ዞራ አየች፤ የሚፈስ ነገር የለም። ከዚያ ጅብ ሜዳው ላይ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አድርጋ እግሩን ተመለከተች።

«አያ ጅቦ፣ የፍሬን ፔዳሉ ሁለት ነው። ለምን ቀኙን ብቻ ትረግጣለህ?»

«ግራውን ለክፉ ቀን አስቀምጬው ነው።»

አንበሳ ሳይወድ ሳቀ። አህያ ግን በትዕግሥት አስረዳችው። «አንዱ የቀኙን ጎማ ይይዛል፣ አንዱ የግራውን። የተለያዩት ጭቃ ውስጥ ባለበት ለመዞር እንዲመች ነው። ስትጓዝ ግን በዚህች ብረት ታያይዛቸውና አብረው ይረገጣሉ።» ተፈትታ የቆየችውን መያዣ ብረት ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ጅብ ሲረግጥ መኪናው ወደ የትም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ቁልቁለቱን ማን ይዞት ይውረድ?» አለ አንበሳ።

ጅብ ሆዱን እንዳመመው ተናገረ። አህያ ወንበሩ ላይ ወጣች።

መኪናው ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲያጎነብስ ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ሆን ብላ ፍሬን ያዘች። መኪናው ካለበት አልተነቃነቀም። ከዚያ ወርዳ ትቆፍር ጀመር። መጀመሪያ ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ የደፈረሰ ውሃ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥርት ያለ ውሃ ፈለቀ። ቀድማ የጠጣችው የሚዳቋዋ ግልገል ነበረች።

«ጉልበትስ እኔም አለኝ» አለ አንበሳ አጠገቡ ለቆሙት። «እንዲህ አድርጎ የሚያይ ዓይን ግን የለኝም።»

ቀበሮ መፍቻዎቹን ደብቆ ወደ አህያ ተጠጋ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ላይ ተንኮል አልነበረም። «እመት አህያ፣ እውነት ማን አስተማረሽ?»

እሷ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ እያስገባች ነበር። ድንጋዮቹን በሰኮናዋ ገፋ ገፋ አድርጋ መያዛቸውን አረጋገጠች። ከዚያ ዳገቱን ይዛ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ «ሞቷል» ለማለት አፍ ብቻ እንደሚበቃ፣ የታመመበትን ለማግኘት ግን ጎንበስ ብሎ ከቀላሉ ነገር ጀምሮ መፈለግ እንደሚያስፈልግ ነው።