የዘውገ የሁዳዴ በረራ

የዘውገ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዘወትር የሚሏት አንዲት ነገር ነበረቻቸው፦ «ልጄ፣ ፈጣሪ ፊት ስትቆም ጥፋትህን ተናገር እንጂ አታብራራ፤ እሱ እዚያው ነበረ።» ዘውገ ይህን እየሰማ አደገ፤ ሰማ እንጂ አልያዘውም። ሾፌር ነዋ! ትራፊክ ፖሊስ ፊት ሳያብራራ የሚያልፍ ሾፌር የት አለ?

አንድ ቀን፣ የሁዳዴ ጾም በገባ ሰሞን፣ ዘውገ ንስሐ አባቱ መምሬ ጌጡ ዘንድ ቀረበ። ከባለቤቱ ከእቴነሽ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል፤ እሷ «ጋብቻችንን በቁርባን እናጽና» እያለች ስትለምነው ነው የኖረችው። ያገደው ሌላ ነገር አልነበረም፤ የካርታ ጨዋታ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ያመላልሳል፤ መናኸሪያ ገብቶ ተራ እስኪደርሰው ካርታ፣ ተራው ደርሶ ካለፈውም በኋላ ካርታ።

መምሬ ጌጡ «ይኸውልህ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ከጨዋታ ሁሉ ጹም። ይህን ከቻልክ ለፋሲካ ሁለታችሁንም አቆርባለሁ» አሉት። እቴነሽ ይህን በሰማች በማግስቱ ለቀሚሷ ጥለት ልትመርጥ ሸማኔ ቤት ሄደች።

ዘውገ ካርታውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ጣቶቹ በባዶው ሲያደባልቁ እየዋሉ ሦስት ሳምንት ታገሠ። በአራተኛው ሳምንት መናኸሪያው ጥግ ባለው በእድሪስ ጌም ቤት በር ሲያልፍ፣ በመጋረጃ ከተከለለው ከኋላ ክፍል የሞተር ድምፅ ሰማ። ሾፌር ደግሞ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ገባ። ግድግዳ የሚያህል ስክሪን፣ መሪ፣ ፔዳል፣ ቁልፍ በቁልፍ ላይ።

«ምንድን ነው ይሄ እድሪስ?»

«አውሮፕላን ነዋ ጋሽ ዘውገ! ና ቁጭ በል።»

«ጾም ላይ ነኝ፤ ጌም አልጫወትም።»

«ጌም እዚያ ነው፣ ኳስ የሚራገጡት ዘንድ። ይሄ ሲሙሌሽን ነው። እውነተኞቹ ፓይለቶች ራሳቸው በዚህ ዓይነቱ ነው የሚሠለጥኑት።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!»

እድሪስ ከማለ በኋላ የዘውገ ሕሊና ምን ይበል? ቁጭ አለ። በማግስቱም ቁጭ አለ። በሳምንቱ በሚኒባሱ ውስጥ እንኳ አነጋገሩ ተለወጠ። «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ልንወርድ ነው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው» ሲል አንዲት እናት ከኋላ «ወንድሜ፣ እኔ ወራጅ ነኝ!» አሉ፤ መውረጃቸው ገና ሳይደርስ።

እቴነሽም ነገሩ አላማራትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ካርታውን ትቻለሁ ትላለህ፤ ዓይንህ ግን እንደ ካርታው ጊዜ ደም መስሏል። የት ነው የምትውለው?»

«ሥልጠና ላይ ነኝ።»

«የምን ሥልጠና?»

«የበረራ።»

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «መጀመሪያ ሚኒባሷን የሰው ግንብ ሳትነካ ማቆም ልመድ» አለችው።

እንዲህ እንዲህ ሲል የሆሳዕና ዋዜማ ደረሰ። ሰሞነ ሕማማት ከገባ ፍትሐት የለም፤ ያን ቀን ተናዞ ያልተፈታ ሰው ለፋሲካ አይቆርብም። መምሬ ጌጡ ደግሞ ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል። «ከላስታ የመጡ አንድ መነኩሴ አሉ፤ ከእሳቸው ዘንድ ሂድ፤ ነገርህን ነግሬያቸዋለሁ» ብለው ላኩት። ዘውገ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር መቁጠሪያ ይዘው የተቀመጡትን አዛውንት አይቶ ልቡ ቅልል አለው። የገጠር ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተር የት ያውቃሉ፣ እንዳስረዳኋቸው ነው የሚሆነው አለ በሆዱ። እቴነሽ ራቅ ብላ አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቃለች።

መስቀል ተሳልሞ ተንበረከከ።

«ከጨዋታ ጾምክ ወይ ልጄ?»

«ካርታ በእጄ አልነካሁም አባቴ።»

«ሌላስ?»

እዚህ ላይ «አጥፍቻለሁ» ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። የዘውገ አፍ ግን አንዴ ከተከፈተ ፍሬን የለውም።

«ሌላማ… አውሮፕላን አብርሬያለሁ። ግን ጨዋታ አይደለም! ሲሙሌሽን ነው የሚባለው። ትልቅ ቁም ነገር ነው።»

«ከመሬት ይነሣል?»

«እኔ ወንበር ላይ ነኝ፤ አልነሣም። ግን ነዳጁ በልክ ነው፣ ነፋሱ እንደ ዕለቱ ነው፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚፈጀው ደቂቃ ልክ እንደ እውነቱ ነው። ጨዋታ ቢሆን ይሄን ሁሉ ጊዜ ደመና ሲያይ የሚቀመጥ ሰው አለ አባቴ?»

«የለም» አሉ መነኩሴው። «ሰው ትጭናለህ?»

«ሞልቼ ነዋ! ባዶ መብረር ምን ያደርጋል? መቶ ሃምሳ ሰው። ትርፍ ደግሞ ጭኜ አላውቅም፤ ሁሉም ወንበር አለው፣ ሁሉም ቀበቶ አስሯል።»

«ጎሽ። በሰላም ታደርሳቸዋለህ?»

ኑዛዜ ነውና መዋሸት አይቻልም።

«መነሣቱንስ ችዬዋለሁ። ማረፉ ላይ ነው… ሐረጎን እንደምወርደው አድርጌ ስወርድ…»

«ወደቀ?»

«ተከሰከሰ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ዘጠኝ።»

መነኩሴው ከመቁጠሪያቸው ዘጠኝ ፍሬ ቀስ እያሉ አሳለፉ። ዘውገ ይሄው ራሱ ማስረጃ መስሎት ይብስ በረታ።

«አያዩም አባቴ! ጌም ቢሆን ሙዚቃ ይዘፈናል፣ እንደገና ሞክር ይላል። ይሄ ግን ዝም ብሎ ይጨልማል። ጦሳ ተራራ ላይ የወደቅኩ ዕለትማ እህል አልቀመስኩም።»

«ለተሳፋሪዎቹ አዝነህ?»

«አዝኜ እንጂ! የሰው ሕይወት አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያው ጨዋታ አይደለም በለኛ።»

«በፍጹም አባቴ! ቁም ነገር ነው!»

ዘውገ አለቀልኝ ብሎ አንገቱን ወደ እቴነሽ መለስ አደረገና በዓይኑ ምልክት ሰጣት። እሷም ፊቷ በርቶ ነጠላዋን አስተካከለች። መነኩሴው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ረጋ ብለው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ጨዋታ ከሆነ ጾምህን አፍርሰሃል፤ በሕማማቱ በየቀኑ መቶ መቶ ትሰግድና ለፋሲካ ከሚስትህ ጋር ትቆርባለህ። ቁም ነገር ከሆነ ግን መቶ ሃምሳ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ፈጅተሃል፤ የአንድ ነፍስ ቀኖና ስንት ዓመት ነው፣ የዚህን ሁሉ ሕዝብማ እኔም አንተም በዕድሜያችን አንጨርሰውም። ሚስትህ ቆማለች፣ ፀሐይም እየጠለቀች ነው፤ እስቲ ደግመህ ንገረኝ፣ ምን ነበር ያልከኝ?»