አንጓች ያላረሰችው ማሳ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት።

የላም በረት፣ የገብስ ጎተራ፣ እኛ እንስማ አንቺ አውሪ በተራ።

እንዲያ በሉኛ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞተና አንድ ማሳና አንድ በሬ ትቶላት ሄደ። ሐዘኑ ሳይወጣላት በሬው ገደል ገባ። ማሳው ብቻ ቀረ። ከዚያ ማሳ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የሷ የሚባል ነገር አልነበራትም።

የዚያ አገር ሕግ ደግሞ ክፉ ነበር። ክፉ ነው የምለው እኔ ነኝ፤ እነሱ ደኅና ሕግ ነው ይሉ ነበር። ጦም ያደረ መሬት ከባለቤቱ ይነጠቅና በሬ ላለው ይሰጣል። መታረስ አለመታረሱን የሚያውቁትም በዘንግ ነው። በሰኔ ሚካኤል የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ አያ ደምለው፣ ሹል ዘንግ ይዞ ማሳ ለማሳ ይዞራል። ዘንጉን ይሰካል። ስንዝር ከገባ መሬቱ ታርሷል። ካልገባ ጦም አድሯል። አለቀ።

ከአንጓች ማሳ አጠገብ ቢያድግልኝ የሚባል ሰውዬ ነበረ። አራት ጥማድ በሬ አለው፤ መሬት ግን አይጠግብም። የአንጓችን ማሳ ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። በሬ አውሰኝ ብትለው በሬዎቼ ደክመዋል ይላታል። በሬዎቹ እኮ ከውፍረት የተነሳ መራመድ አቅቷቸዋል።

ምን ታድርግ? ነሐሴ ላይ ግብጦ በተነች። ግብጦ ባልታረሰ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ስለሚመርም ከብት አይደፍረውም። በቀለ፣ አበበ፣ አፈራ። ጥር ላይ ፍሬውን ሰበሰበችና በጆንያ አስራ ወንዝ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ምሬቱ ሲለቅ የዓመት ቆሎ ሆናት። አገዳው ግን እማሳው ላይ ቀረ።

በዚያ አገር አገዳ ለማገዶ ይለቀማል፤ የተረፈውም ይቃጠላል። ማሳ ተራቁቶ ካልታየ ሰው ባለቤቱን ሰነፍ ይለዋል። አንጓችም ገመድ ይዛ ወረደችና አንድ እቅፍ አነሳች። ከሥሩ መሬቱ ረጥቧል። አንድ የምድር ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ትሉም ቀና አለና እንዲህ አላት፦

«እባክሽ ጣራችንን አታፍርሺብን። በየዓመቱ ማረሻ ቤታችንን ይቆርጣል፣ እሳት ምግባችንን ይበላል፣ ፀሐይ የተረፍነውን ያደርቀናል። እስከ ክረምት ብቻ ተዪን። እኛ እናርስልሻለን።»

ትል ይናገራል ወይ እንዳትሉኝ። ይናገር ነበር። አሁንም የሚሰማው ጠፍቶ ነው።

አንጓች ሳቀች። ቀንበር የላችሁ፣ ጉልበት የላችሁ፣ በምን ልታርሱ ነው አለችው። ትሉም ብዙ ነን አላት። ጢንዚዛው ይቆፍራል፣ ምስጡ ይፈጫል፣ እኔም የበላሁትን ይዤ ወደ ታች እወርዳለሁ አለና ከጉድጓዱ ገባ።

ባዶ ገመዷን ይዛ ተመለሰች። በማግሥቱ ማጭድ ይዛ መጣችና የቆመውን አገዳ ሁሉ አጭዳ ማሳውን አለበሰችው። ማገዶ እደጇ ተኝቶ፣ እሷ ከሩቅ ጫካ እንጨት ትሸከም ጀመር። ሰው ሳቀባት። መሬቷን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለችው አሉ። እሷም እንጨቷን ተሸክማ አለፈች።

መጋቢት አለፈና ሚያዝያ ገባ። ፀሐይዋ ድንጋይ ትሰነጥቃለች። አንጓች ወርዳ ትሉን ብትጠራው መልስ የለም። ከዚያም ቢያድግልኝ መጣ። ማሳውን በፈቃድሽ ስጪኝ፣ በዓመት ሁለት ቁና እህል እሰፍርልሻለሁ፣ አለዚያ በሰኔ በነፃ እወስደዋለሁ አላት። ያን ቀን ፈራች።  የትል ቃል አምኜ ቤቴን አፈረስኩ አለችና፣ በገል ፍም ይዛ አገዳውን ልታቃጥል ወረደች። አቃጥላ፣ በዶማም ቢሆን የቻለችውን ያህል ልትቆፍር ነው።

ጎንበስ ብላ አገዳውን ገለጥ አደረገች። ከላይ ያለው አገዳ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ቀዝቃዛ ነው። ጢንዚዛዎች ይሯሯጣሉ። ትንንሽ ጉድጓዶች ወደ ታች ወርደዋል። በየጉድጓዱ አፍ ላይ ትል የተፋው አፈር ተቆልሏል። ሠራተኞቹ ፀሐይዋን ሸሽተው ወደ ውስጥ ገብተዋል እንጂ አልሄዱም። አንጓች ፍሙን ከመንገዱ ዳር ወስዳ አፈር አለበሰችውና ወደ ቤቷ ሄደች። እንቅልፍ ወስዷት ይሆን? እኔስ አይመስለኝም።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ዝናብ ሁለት ሦስት ቀን ጥሏል። መንደሩ ሁሉ ጭቃ ሹሙን ተከትሎ መጣ። ቢያድግልኝ ማሳውን ሲያየው ሰጋ። ገለባ የሸፈነው እርጥብ መሬት ስንዝር ያህልማ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ወደ አያ ደምለው ጠጋ አለና፣ ይቺ ሴት በገለባ ልታታልለን ነው፣ ዘንጉ ክንድ ካልገባ ታርሷል እንዳትሉ አለ። አያ ደምለውም እንዲህ አለ፦

«ክንድ ይሁን። ግን ለአንዷ የወጣ ሕግ ለሁሉም ነው።»

ቢያድግልኝ አራት ጊዜ ያረስኩ ሰው ምን ፈርቼ አለና ተስማማ።

አያ ደምለው ገለባውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘንጉን ሰካ። ስንዝር ገባ። ክንድ ገባ። አሁንም ይወርዳል። ሽማግሌው በግንባሩ ሊደፋ ምንም አልቀረው። ሰዎች ማንም ሳያይ ቆፍራ ነው አሉ። አያ ደምለው ተንበረከከና በእጁ ጫረ። የግብጦው ሥር ከነጉቶው እንደተተከለ ነው፤ በሥሩ መንገድ ትሉ ይወጣል ይገባል። ይህንን ዶማ አልነካውም አለ።

አንጓችም ቀና ብላ ተናገረች፦

«ሕጉ ለሁሉም ነው ብለዋል፣ አያ። የጎረቤቴም ይለካ።»

ሄዱ። የቢያድግልኝ ማሳ እንደ ዱቄት ለስልሷል፣ ሲያዩት ያምራል። ዘንጉ ተሰካ። ስንዝር ገባና ቋ ብሎ ቆመ። ሌላ ቦታ ተሰካ፤ ቋ አለ። ማረሻው ስንት ዓመት እዚያው ልክ ደርሶ ሲመለስ፣ ከሥሩ ያለውን ጠቅጥቆ አውድማ አድርጎታል። ትል የለም፣ ጢንዚዛ የለም። የሚበላው የሌለበት ቤት ማን ይቀመጣል?

ቢያድግልኝ ድንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ራሱ ባስወጣው ሕግ መሬቱ ጦም ያደረ ሆነ። አያ ደምለውም አንጓችን፣ በሬ ባይኖርሽም አራሾች አሉሽ፣ የሱም ማሳ ያንቺ ነው፣ ውሰጂ አላት። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኗን አየ። እሷም እንዲህ አለች፦

«የሰው መሬት አልፈልግም። መሬት መነጠቅ ምን እንደሚመስል ዓመት ሙሉ ሳስበው ከርሜያለሁ። ግን ሁለት ዓመት ብረት አይንካው፣ ከብትም አይግባበት።»

ከዚያም አንድ ቁና የግብጦ ዘር ሰጠችው። እሷም በራሷ ማሳ ላይ ገለባውን በእንጨት እየቀደደች በቆሎ ዘራች። በቆሎውም ሰው ዋጠ።

ዓመቱ ዞረና ጥር ደረሰ። አንድ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ጉድ አየ። ቢያድግልኝ አለንጋ ይዞ፣ አገዳ በለበሰው ማሳው ዳር ቆሞ፣ የራሱን ስምንት በሬዎች ያባርራል። መንገደኛው ምን ነክቶህ ነው ከባዶ ማሳ ከብትህን የምታባርረው አለና፣ ሊያቋርጥ እግሩን አነሳ። ቢያድግልኝ ክንዱን ያዘው፦

«በዳር በኩል እለፍ፣ ወንድሜ። ሠራተኞች አሉብኝ።»

እንግዲህ ተረቴን ወስዳችሁ አፌን ባዶ አትተዉት። ያን ንፍሮ ወዲህ አቅርቡና ለአውሪዋም ዝገኑላት፤ ጨውም አይርሳችሁ።