በግድግዳው ማዶ የቀረው ውጤት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በአንድ የውኃ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው የጉድጓድ ውኃ ይመረምራል፤ ሁለተኛው ውኃውን ለሕዝብ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የምርመራ ክፍሉ ኮምፒውተሮች አንድ ለጋሽ ድርጅት የሰጣቸው ነበሩ፤ የሥርጭት ክፍሉ ደግሞ መንግሥት የገዛቸው። ዓይነታቸው የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ፋይል በሌላው ላይ እንዲሁ አይከፈትም። የምርመራው ውጤት በወረቀት ተጽፎ ነበር ወደ ሥርጭቱ ክፍል የሚሄደው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አወጣ። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ወረቀት የለም፤ ሁሉም በኮምፒውተር ይሁን» አለ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ባለሙያ ደስ ብሎት፣ «እንግዲያው ሁለቱን ክፍሎች በኔትወርክ ላገናኛቸው» ብሎ ጠየቀ።

ስብሰባ ተጠራ። የምርመራው ኃላፊ፣ «የእነሱ ኮምፒውተር ከእኛ ጋር አይግባባም። መጀመሪያ እንደ እኛ ያለውን ያምጡ» አለ። የሥርጭቱ ኃላፊም፣ «እኛ ምን ጎድሎን ነው የምንቀይረው? እነሱ ይቀይሩ» አለ። ባለሙያው የሚቀየር ነገር እንደሌለ አስረዳ። «ኮምፒውተሮቹ ጠባያቸው ቢለያይም በሽቦው ላይ የሚነጋገሩበት ደንብ አንድ ነው። ሁለቱም የሚያነቡትን የፋይል ዓይነት እንመርጣለን፣ በጋራ ቦታ እናስቀምጣለን። የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለ። የሰማው የለም። ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ኮሚቴው አንድም ቀን አልተሰበሰበም። ባለሙያውም «እኔ የድርሻዬን ተናግሬያለሁ» ብሎ ወደ ጥገናው ተመለሰ።

አራት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ባለሙያው አንድ ገበሬ በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘ። ገበሬው ውኃ ያለበት የላስቲክ ጠርሙስ ይዟል።

«አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለው።

«ማንን እንደምፈልግ እኔም ጠፋኝ፣ ልጄ» አለ ገበሬው። «ሰዎቻችሁ መጥተው የጉድጓዳችንን ውኃ ለምርመራ ቀድተው ወሰዱ። ልጆቻችን ሆዳቸውን እያመማቸው ነው። ስመጣ ይኼኛው ክፍል 'ውጤቱን በኮምፒውተር አስገብተናል፤ እዚያ ጠይቅ' ይለኛል። ያኛው 'እኛ ጋ የደረሰ ነገር የለም' ይለኛል። ይኸው ሦስተኛ መምጣቴ ነው። ባለፈው ወር ሴት ልጄን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ ታናሿ ተኝታለች።»

ባለሙያው የድርሻዬን ተናግሬያለሁ ያለው ነገር ትዝ አለውና አፈረ።

«ይከተሉኝ» አለ። ከዕቃ ግምጃ ቤት የተጠቀለለ ሽቦና ማገናኛ ሣጥን አወጣ። ማንንም ሳያስፈቅድ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ በመሰርሰሪያ በሳው። ሠራተኞቹ ጆሮአቸውን ይዘው ከየወንበራቸው ተነሡ። ሽቦውን አሳልፎ ከዚህም ከዚያም ሰካ። የምርመራ ክፍሉ ጸሐፊ ገበሬውን አየችና ለባለሙያው የይለፍ ቃሏን አስገባችለት። ባለሙያው ውጤቶቹን ሁለቱም ወደሚያነቡት የፋይል ዓይነት ቀይሮ፣ በሥርጭቱ ኃላፊ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አንድ በአንድ ከፈታቸው። ቀትር ሳይሆን የገበሬው መንደር ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ይህ ውኃ ለመጠጥ አይሆንም። ጉድጓዱ ዛሬውኑ ይዘጋ።»

ውጤቱ ከተጻፈ አራት ወር ሊሞላው ነበር።

ገበሬው ወደ ቀዳዳው ሄደና መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «ይህ ቃል እዚህ ማዶ ነበር?» አለ። «ሦስት ጊዜ መጥቼ እዚህ ስቆም፣ እዚህ ማዶ ነበር?» 

ሥራ አስኪያጁ የመሰርሰሪያውን ድምፅ ሰምቶ መጣ። ያየው ገበሬውን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። «ይህን ማን ፈቀደልህ?» አለ።

«ማንም» አለ ባለሙያው። «ጥፋቴ ፈቃድ መጠበቄ ነው። የዛሬ አራት ወር ልበሳው ይገባኝ ነበር።»

ጉድጓዱ በዚያው ቀን ተዘጋ፤ ታናሺቱም ዳነች። ሁለቱ ኃላፊዎች ዛሬም በወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ስለ ሟቿ ልጅ የጠየቃቸው የለም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ባለሙያው ነው፤ የመንግሥትን ግድግዳ ያለ ፈቃድ በስተሃል ተብሎ። ያ ደብዳቤ ደግሞ በወረቀት ነበር የተጻፈው።

እንግዲህ ፋንታሁን፣ አንተ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነህና መጥተህ ጠየቅኸኝ። «እኛና ከወንዙ ወዲያ ያሉት ሰዎች በቋንቋም በእምነትም አንመሳሰልም። መጀመሪያ አንዳችን ሌላውን ካልመሰልን እንዴት በአንድ የትምህርት ቤት ኮሚቴ እንቀመጣለን?» አልኸኝ። ያን ስትል የሰማሁት የእነዚያን ኃላፊዎች ድምፅ ነው። ኮምፒውተሮቹ በተገናኙ ዕለት አንዱም አልተለወጠም፤ እያንዳንዱ እንደ ዓይነቱ ሆኖ ነው ከሌላው ጋር የተነጋገረው። ያቺን ልጅ የገደላት የዕቃው መለያየት አይደለም። መለያየቱን ሰበብ አድርገው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ እውነቱን እያወቀ አራት ወር ዝም ያለው ባለሙያም አብሮ አለበት። አንተም እውነቱን ታውቃለህ፤ ባታውቅማ ኖሮ እዚህ ድረስ አትመጣም ነበር። ስለዚህ ስብሰባ ጥራ አልልህም። ዛሬውኑ ወንዙን ተሻገርና መጀመሪያ ያገኘኸውን ሰው፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠይቀው።