መከታ ቁስሉን አልተው አለ

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ስጨርስ እመልስላችኋለሁ።

አንጓች የምትባል ሴት መከታ የሚባል ውሻ ነበራት። መስከረም ጠብቶ ዝንቡ በበዛበት ሰሞን መከታን ጭኑን አሳከከው። አሳከከውና ላሰው፤ ላሰውና ጠጉሩ ረገፈ፤ ረገፈና ቆሰለ። ጎረቤቷ ጋሼ ድንበሩ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣

"አንቺ አንጓች! ይሄ ነገር ውሾቼ ላይ ሳይጋባ! ፀሐይ እስክትጠልቅ መላሱን ካልተወ ጎትቼ ከወንዙ ማዶ ለጅብ አስረዋለሁ" አሏት።

"ኧረ በእመብርሃን፣ ጋሼ ድንበሩ!"

"እመብርሃንን ተያትና ፀሐይቱን እያት።"

አንጓች ወደ ውሻዋ ሮጠች። "መከታዬ፣ ቁስልህን ተው" አለችው።

"ዝንብ እየነከሰችኝ? አልተውም!"

"ዝንብ ሆይ፣ ተነሺ፤ መከታ ቁስሉን አልተው አለ።"

"ሳይታጠብ? አልነሣም!"

ወደ ውሃ ሄደች። "ውሃ ሆይ፣ እጠብልኝ፤ ዝንብ አልነሣም አለች፤ መከታ ቁስሉን አልተው አለ።"

"እንዲህ ቀዝቅዤ? ለብ ሳልል አላጥብም!"

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ወደ እሳት ሮጠች። "እሳት ሆይ፣ ውሃን አሙቅልኝ፤ ውሃ አላጥብም አለ፤ ዝንብ አልነሣም አለች፤ መከታ ቁስሉን አልተው አለ።"

"ማገዶ ሳልበላ? አላሞቅም!"

ጓሮ ወዳለው ዋንዛ ሮጠች። "ዋንዛ ሆይ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ስጠኝ፤ እሳት አላሞቅም አለ፤ ውሃ አላጥብም አለ፤ ዝንብ አልነሣም አለች፤ መከታ ቁስሉን አልተው አለ።"

"ፍየልሽ ልጤን እየላጠችኝ? አልሰጥም!"

"ፍየሌ፣ በሞቴ፣ ወደ መስኩ ውጪ፤ ዋንዛ አልሰጥም አለ፤ እሳት አላሞቅም አለ፤ ውሃ አላጥብም አለ፤ ዝንብ አልነሣም አለች፤ መከታ ቁስሉን አልተው አለ።"

"ቀበሮ ቢመጣብኝ ማን ይጮህልኛል? የመከታን ድምፅ ሳልሰማ አልወጣም!"

አንጓች ዞራ ዞራ የመጣችው እዚያው ውሻዋ ዘንድ ነው። "መከታዬ፣ አንዴ ብቻ ጩህልኝ፤ ፍየል አልወጣም አለች፤ ዋንዛ አልሰጥም አለ፤ እሳት አላሞቅም አለ፤ ውሃ አላጥብም አለ፤ ዝንብ አልነሣም አለች፤ አንተም ቁስልህን አልተው አልክ።"

መከታ ቀና አላለም። አፉ ቁስሉ ላይ ሆኖ በምኑ ይጩህ?

"ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው" አለች አንጓች፣ ወደ ላይ እያየች።

ይኼኔ ጋሼ ድንበሩ ገመዳቸውን ይዘው በበሩ ገቡ። "ዞር በይ!" ብለው ትከሻዋን ቢገፏት ተንገዳግዳ ወደቀች።

መከታ አፉን ከቁስሉ አነሣ። "ው! ው! ውው!"

"ኧረ ያዢልኝ!" ጋሼ ድንበሩ ገመዱን ጥለው አጥሩ ላይ ወጡ።

ፍየል ድምፁን ሰምታ ወጣች፤ ዋንዛ ቅርንጫፍ ሰጠ፤ እሳት ነደደ፤ ውሃ ለብ አለ። አንጓች ቆንጠር አድርጋ ጨው ጨመረች፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጉር ከረከመች፤ ቀስ አድርጋ አጠበች፤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች። ዝንብ ተነሣች። መከታም አገጩን ጭኗ ላይ ጥሎ፣ ቁስሉን ተወ።

"ጋሼ ድንበሩ፣ ፀሐይቱን ይዩዋት" አለች አንጓች። ግማሿ ገና ከኮረብታው በላይ ነበር።

"አይቻለሁ፣ ልጄ። ውሻውን ያዢና ልውረድ።"

"መጀመሪያ እመብርሃንን ይጥሯት።"

ከአጥሩ ላይ ሆነው ጠሯት። አንጓችም ውሻዋን ያዘች።

ጆሯችሁን መልሻለሁ፤ ደጃችሁ ያለውን ውሻ አይታችሁ ግቡ።